ከክዳኑ በላይ

መጀመሪያ የተሰማው ፉጨት ነበር። መዛኙ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ እህቱ ማንቆርቆሪያ ጥዳ የረሳች መስሎት አዳመጠ። ፉጨቱ ግን ቆም ይልና እየሳሳ ይመለሳል። ማንቆርቆሪያ እንዲህ ትንፋሽ አያሳድድም። ብድግ ብሎ መጋረጃውን ቢገልጥ፣ የእህቱ ልጅ ሚጢ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ዛሬስ ቁጥሩ ምን ይላል፣ የአየር ሐኪሙ?» አለች እህቱ የልጅቷን ጀርባ እያሻሸች። «ተራራው ማዶ አክስታችን ዘንድ ልውሰዳት ስልህ፣ ‹ቁጥሩ ደህና ነው› አልከኝ። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ደህና ነው! አሁንማ መንገዱንም አትችለውም፤ በጡብ ምድጃዎቹ መሃል ነው የሚያልፈው።»

ከተማዋ ዙሪያዋን በተራራ የታጠረች ድስት ናት። በዝናቡ ወራት ሰማይ ያጥባታል፤ ነፋስ ሲነሳ ጭሷ ወደ ጎረቤት ይሰደዳል። ብርዱ ሲገባ ግን የቀዘቀዘው አየር ሌሊቱን ከተራራው ተንሸራቶ ታች ይተኛል፣ ሞቃቱም ከላዩ እንደ ክዳን ይገጠማል። ያኔ ብረት ማቅለጫውና የጡብ ምድጃዎቹ የተፉት ሁሉ መውጫ ያጣል። ዘንድሮ ክዳኑ ከተገጠመ አስራ አንድ ቀኑ ነው።

የመዛኙ ሥራ በየጠዋቱ ኮረብታው ላይ ወዳለው ጣቢያ ወጥቶ፣ አየር የሚስበው ማሽን ውስጥ ያደረውን ክብ ወረቀት መመዘን ነው። ወረቀቱ ከከበደ ኃላፊው ማዘዣው ላይ ማኅተም ይመታሉ፣ ሳይረን ይጮኻል፣ ምድጃዎቹ ይጠፋሉ። ዘንድሮ አንድም ቀን ከብዶ አያውቅም።

ትናንት ማታ እህቱ፣ «ማሽንህ አፍንጫ ካለው እዚህ መጥቶ ያሽትት!» ብትለው፣ እልህ ይዞት ከጣቢያው ያመጣውን ትንሹን መጠባበቂያ ማሽን ከሚጢ ትራስ በላይ ሰቅሎት ነበር። አሁን ከፈተው። ወተት መስሎ የገባው ወረቀት የድስት ቂጥ መስሎ ወጣ። እህቱ አየችውና ፊቷን ወደ ሚጢ መለሰች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ወረቀቱን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ወጣ። መኪኖቹ በጠዋቱ መብራት አብርተው ይዳክራሉ። ፊቱን በሻሽ የጠመጠመ ጡብ ጫኝ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለና፣ «መዛኙ! ዛሬ አየሩ በኪሎ ስንት ገባ?» አለው። ሌላ ቀን ቢሆን «ለእናንተ በምርቃት ነው» ብሎት ይስቃሉ። ዛሬ ሣጥኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ አለፈው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የኮረብታውን ደረጃ ሦስት መቶ ያህል እንደወጣ ጭንቅላቱ ከውሃ እንደወጣ ዋናተኛ ብቅ አለ። ፀሐይ! ከታች ግራጫ ባሕር ተኝቷል፤ የጭስ ማውጫዎቹ ጫፍ ብቻ ይታያል። ጭሱ ትንሽ ይወጣና ጣራ እንደገጨ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይነጠፋል። ይህን እይታ ይወደው ነበር፤ ብቻውን ተቀምጦ በሐሳቡ ባሕሩ ላይ ጀልባ ሲያስኬድ ስንት ጠዋት አሳልፏል። ዛሬ ግን ዓይኑ ከባሕሩ ወደ ማሽኑ ሄደ። ማሽኑ ከጭሱ በላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ጥርት ያለ አየር እየማገ ያንጎራጉራል። ሣጥኑን እንደያዘ ወደ ጣቢያው ክፍል ገባ።

ኃላፊው ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ማሽኑን እዚህ ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ታች እያለ በብርድ ወራት ወረቀቱ በግማሽ ቀን ይደፈናል፣ ሞተሩም ሁለት ጊዜ ተቃጠለብኝ። ንጹሕ ቦታ አመጣሁት። ይኸው አስራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።»

መዛኙ ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀቱን ሚዛኑ ላይ አኖረው። መርፌው ሄዶ ሄዶ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ከየትኛው ምድጃ ፍቀህ አመጣኸው፣ አንተ ህልመኛ?» ብለው ሳቁ ኃላፊው።

«ከእህቴ ልጅ ከሚጢ ትራስ በላይ ነው፣ ጋሼ። ያደረው አንድ ሌሊት ነው።»

ሳቃቸው ቆመ። «ወንዙ ዳር ነው ቤታችሁ?»

«ከእርስዎ ሦስተኛው በር።»

የኃላፊው ባለቤት ከሦስት ዓመት በፊት በብርድ ወራት ነው ያረፉት፤ ደረታቸውን አሟቸው። ያን ሰሞን ኃላፊው በየጠዋቱ ስልክ እየደወሉ፣ «አይዞሽ፣ ቁጥሩ ደህና ነው፤ መስኮቱን ክፈቺው» ሲሏቸው መዛኙ ይሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ ማኅተሙን ይምቱልኝ። ምድጃው ካልጠፋ ልጅቷን ተራራውን ማሻገር አልችልም።»

ሽማግሌው ጥቁሩን ወረቀት በጣታቸው ነካ አደረጉና ጣታቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ከእሳቸው በቀር ማንም ነክቶት የማያውቀውን ማኅተም ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ መዛኙ ፊት አስቀመጡ፤ ከጎኑ የሳይረኑን ቁልፍ። ኮታቸውን ለበሱ።

«ጋሼ? ወዴት ነው?»

ሽማግሌው በሩን ከፍተው ወጡ። መዛኙ ማኅተሙን ጨብጦ በመስኮቱ አያቸው፤ ደረጃውን ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ግራጫው መጀመሪያ ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን፣ በመጨረሻም ባርኔጣቸውን ዋጠ።