ለአባባ ጎሹ የተጠረገው መንገድ

ስለሺ ያን ደቦ ሲጠራ ክፉ አላሰበም። በስደት አገር፣ ፓይን ሌክ የሚሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያቸው ከሳቫና ከተማ ማዶ፣ አንድ ደሴት ላይ፣ ለጾም ጸሎት የሚሆን ቤት ነበረው። እዚያው እየኖሩ የሚጠብቁት የስለሺ አባት አቶ ጎሹ ነበሩ። ችግሩ፣ በቤቱና በባሕሩ መካከል ትልቅ የአሸዋ ጉብታ ተገትሮ ነበር፤ ሽማግሌው ተደግፈው በሚሄዱበት ዎከር ሊሻገሩት አልቻሉም።

"ባሕር ዳር አስቀምጣችሁ ባሕር ከለከላችሁኝ!" እያሉ በልጃቸው ይቀልዱበት ነበር።

ሚያዝያ ላይ የጉባኤው ሰዎች ከስኔልቪልም ከብሩክሄቨንም አካፋ ይዘው በቫን ወረዱ። ወይ ደቦ! ጉብታው ላይ የበቀለውን ሣር ነቀሉ፣ ጉብታውን ናዱ፣ ሲዘምሩ ዋሉ። የአባባ ጎሹ ጎረቤት፣ ፈረንጇ አሮጊት፣ እየጮኸች መጣች። ደሴቱ ሥሩ ድንጋይ የለውም፣ ነፋስና ማዕበል የከመረው አሸዋ ነው፤ አሸዋውን የያዘው ያ ሣር ነው፤ ባሕሩም ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ነው አለች። ስለሺ ሲተረጉምላቸው ሳቁ። የደጋ ሰው ደጁ ላይ አረም አይወድም፣ ምን ታድርጋቸው! ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጧትና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ማታ ላይ አባባ ጎሹ ዎከራቸውን እየገፉ ሄደው እግራቸውን ባሕር ነከሩ። ስለሺ በደስታ አለቀሰ።

የ2010 እንቁጣጣሽ ሲቃረብ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው፣ ኢቫክዌት አድርጉ፣ ደሴቱን ለቃችሁ ውጡ ተባለ። ስለሺ ልምጣና ልውሰድዎት ቢል፣ አባቱ አሻፈረኝ አሉ።

"አምናም ውጡ ተብሎ አልወጣሁም። ምን ሆንኩ?"

አምና ጉብታው እንደነበረ፣ ወይ ጉድ፣ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ስለሺም እሺ ብሎ ተወው።

በበዓሉ ዕለት፣ ስለሺ ብሩክሄቨን ሥራ ቦታው ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ።

"ውሃው ደረጃው ላይ ነው" አሉ አባቱ። "በጠረጋችሁልኝ መንገድ ቀጥ ብሎ መጣ፣ ልጄ።"

"አባዬ፣ ፎቅ ይውጡ!"

"በምን ጉልበቴ?"

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሞ ደወለ፤ መልእክት ተዉ የሚለው ቮይስሜይል ብቻ።

አስከሬናቸው ከቤቱ ጀርባ ካለው ረግረግ ተገኘ። ለልቅሶው ያ ደቦ በሙሉ ስኔልቪል፣ ስለሺ ቤት መጣ። "ባሕር ጨካኝ ነው፣ አይዞህ" አሉት። ስለሺ ሁላችሁም ውጡልኝ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ማንን ያስወጣል? አካፋ ይዛችሁ ኑ ያላቸው ራሱ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ተቀመጡ" አላቸው።