ያላዘዘው ጥቅሻ

የኢሳያስ ግራ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀሰው ማንን ነበር?

ቦንጋ ውስጥ ይህን ያልጠየቀው ሰው ጥቂት ነው፤ እሱ ግን እስካሁን መልስ የለውም። ከተማው ባለሱቋን ሰብሪያን ነው ይላል። ኢሳያስ በበኩሉ ነገሩ ገና ሆላንድ ሳለ የጀመረ እንዳይሆን ይጠረጥራል። የመመረቂያ ጽሑፉን ባቀረበ ዕለት ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሳይጠቅሳቸው አልቀረም፤ ያለዚያ እንዴት እንዳሳለፉት ዛሬም አይገባውም።

ጫካ መሀል ተወልዶ፣ ጫካ ወደሌለበት አገር ሄዶ፣ ስለ ጫካ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ይህን የሚለው ከተማው ነው፤ እሱም አይክድም። ከሚሊኒየሙ በኋላ ሲመጣ አንድ የጫካ ቡና ፕሮጀክት ቀጠረው። ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ «እዚሁ እኖራለሁ» ይላል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ «ተመልሼ እሄዳለሁ» ይላል። ሻንጣውን ጨርሶ አላራገፈም፤ ሸሚዙን ከቁም ሳጥን፣ ካልሲውን ከሻንጣ እያወጣ ይለብሳል።

ወደ ሰብሪያ እንመለስ። አንድ ቀን ሱቋ ገብቶ «ሁለት ኪሎ ስኳር» አለና ጠቀሳት።

ሰብሪያ እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ። «ምን አልክ?»

«ስኳር ነዋ ያልኩት» አለ ኢሳያስ፤ ዓይኑ ደገመላት።

«ጃፈር!» ብላ ባሏን ከጓዳ ጠራችው። «ና እስቲ! ይሄ የተማረ ሰውዬ የፈለገው ስኳር ብቻ አይመስለኝም!»

ጃፈር እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጥቶ ኢሳያስን ትኩር ብሎ አየው። ዓይኑ እሱንም ጠቀሰው። ጃፈር ሳቁ አፈነው። «እኔንም እኮ ጠቀሰኝ! አትኩሪ አንቺ ሴት፣ ለሁሉም ነው የሚያድለው።»

ቀጥሎ ግምገማው መጣ። ያኔ የማይገመገም ነገር አልነበረም። ኢሳያስ የፕሮጀክቱን ሪፖርት ይዞ በሞላ አዳራሽ ፊት ቆመ። «ከተተከለው ችግኝ ዘጠና ሰባት በመቶው ጸድቋል» አለ፤ ዓይኑ አዳራሹን በሙሉ ጠቀሰ። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ረድፉ ሁሉ ተከተለ። ችግኙን ፍየል እንደጨረሰው የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከኢሳያስ በቀር። እሱ ቁጥሩን አምኖበት ነበር።

ሰብሳቢው አቶ ግዛቸው ጠረጴዛውን መታ። «አቶ ኢሳያስ፣ ሪፖርት ነው የምታቀርበው ወይስ እየቀለድክብን ነው?»

«ኧረ በፍጹም! እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ነው» አለ፤ ዓይኑም ከመጀመሪያው ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ጠቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይጨብጠው ጀመር። «ወንድ ነህ!» ይሉታል ዝቅ ባለ ድምፅ። በዕድሜው አንዴም ደፍሮ የማያውቀው ሰው በዓይኑ ምክንያት ደፋር ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ አልጠላውም።

አከራዩ እትዬ በዛወርቅ ግን አልሳቁም። «ምች ነው» አሉ። «ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ትበላለህ፣ ስንቴ ልንገርህ?» ዳማከሴ ጨምቀው ግንባሩንና ጉንጩን አሹለት። ኢሳያስ ለቀናት ዳማከሴ ዳማከሴ እየሸተተ ሰነበተ፤ ዓይኑም እያለቀሰ መጥቀሱን ቀጠለ። የተማረ ሰው አይደል፣ ኢንተርኔት ቤትም ሄደ። ገጹ ቀስ እያለ ሲወርድ ስለ ጭንቅላት ዕጢ የሚናገረው ክፍል ተከፈተ፤ «ይህ ግን እምብዛም አያጋጥምም» የሚለው መስመር ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፋ። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ መጻሕፍቱን ለማን እንደሚያወርስ ሲያስብ ከረመ፤ የሚወስድለት ሰው አላገኘም።

በመጨረሻ አብሮ አደጉ ወደሆነው የጤና መኮንን ወደ ኃይለመስቀል ሄደ።

«በቀን ምን ያህል ቡና ትጠጣለህ?»

«የካፋ ሰው ነኝ እኮ።»

«እሱ መልስ አይደለም» አለ ኃይለመስቀል። «ስማኝ፣ የዓይን ቆብ ብቻ ሲርገበገብ አብዛኛውን ጊዜ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ቡና ነው። ለአንድ ወር ቡና ተውና እናየዋለን። ወደ ጉንጭህና ወደ ከንፈርህ ከወረደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቶሎ አዲስ አበባ ትሄዳለህ።»

ቦንጋ ላይ ቡና ተው መባል ምን ማለት እንደሆነ ኢሳያስ ያወቀው ከተወ በኋላ ነው። የገባበት ቤት ሁሉ ያኮርፈው ጀመር።

ከአብርሆት ጋር የተዋወቀው በዚያው ሰሞን ነው። አብርሆት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ስለ ደን እንዲናገር ክፍሏ ጋበዘችው። ገና ሰላም እንዳላት ጠቀሳት።

«አቶ ኢሳያስ! ተማሪ ፊት ነው ያለነው!»

ላብ እያጠመቀው «ዓይኔን አትስሚው፣ በሽታ ነው» ብሎ አስረዳት። ይኼኔ ቁጣዋን ትታ ቀረበችና በአጉሊ መነጽር ሥር ያለ ቅጠል እንደምታይ ሁሉ ፊቱን መረመረችው። «ግራው ብቻ ነው? ሁለቱም ቢሆን ሌላ ዓይነት ነበር» አለች። ከዚያ ጊዜ በፊት፣ ከአከራዩና ከኃይለመስቀል በቀር፣ የኢሳያስን ዓይን አይቶ ምንም መልእክት ያላነበበ ሰው አልነበረም። «በል እንግዲህ» አለችው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዓይንህን አልሰማውም። እኔ የምሰማው አፍህን ነው።»

ከሥራ በኋላ አብረው መሄድ ለመዱ። እሷ ፊት ለፊቱን ቀጥ ብላ ታየውና የሚለውን ብቻ ትሰማለች። እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ወደዳት። አልነገራትም። ሻንጣውን ያላራገፈ ሰው እንዴት ብሎ ሴት ይጠይቃል? «እዚሁ መቅረቴን ልወስንና እነግራታለሁ» እያለ ጠዋት ይወስናል፣ ማታ ያፈርሰዋል። እሷም ትጠብቃለች፤ መጠበቋን ያውቃል።

አንድ እሑድ ፕሮጀክቱ ስለ ንብ ቀፎ ገበሬዎችን እንዲያነጋግር የቡና መገኛ ወደምትባለው መንደር ወደ ማንኪራ ላከው። ከሚያነጋግራቸው ሰዎች አንዱ ጋሽ ጣሰው ነበሩ፤ የአብርሆት አባት። ጎረቤታቸው ከፈለኝም እዚያው ተቀምጧል። አብርሆት ቤተሰቧን ልትጠይቅ መጥታ ኖሮ ቡናውን ያቀረበችው እሷ ናት።

«አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» አለ ኢሳያስ።

ሁሉም ዞረው አዩት። በዚያ አካባቢ ከባድ ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ቃሉ ሳይሰማለት ሲኒ አይነካም። ኢሳያስ ይህን በልጅነቱ ያውቀው ነበር፤ እንዴት እንደረሳው ግን የሆላንድ ፕሮፌሰሮችም አይመልሱለትም።

ጋሽ ጣሰው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ጉዳይ አለህ ማለት ነው። ተናገር፣ ልጄ።»

«የለም፣ ጋሽ ጣሰው፣ ምንም ጉዳይ የለኝም። ሐኪም ከልክሎኝ ነው።» ዓይኑ ጠቀሰ።

ከፈለኝ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ማንኪራ ድረስ መጥቶ ሐኪም ቡና ከለከለኝ ይላል! ደግሞ ጠቀሰኝ! ጣሰው፣ አየኸው?»

«አየሁት» አሉ ጋሽ ጣሰው። የቀፎው ነገር ተረስቷል። ወደ ልጃቸው አዩ፣ ወደ እሱ አዩ። «ሽማግሌ ይላካል እንጂ ራስ ይመጣል እንዴ? የተማራችሁት ሁሉንም ነገር ገለበጣችሁት። እሺ፣ ከመጣህም ወንድ ሁነህ ተናገር። አብርሆትን ነው?»

አብርሆት ማቅረቢያውን እንደያዘች ቆማለች። ለአንድ አፍታ ዓለም በሙሉ የኢሳያስን አፍ ትጠብቅ ነበር። «አዎ» ማለት ብቻ ነበረበት። እሱ ግን ሻንጣው ትዝ አለው፣ መብራት የሚጠፋበት ማታ ትዝ አለው፣ ከፈለኝም ጥርሱን አውጥቶ እያየው ነው። አፉ ሳያማክረው ተከፈተ።

«ኧረ በፍጹም! እኔና አብርሆት የሥራ ጓደኞች ነን። ሌላ ምንም የለም።»

ይህን ሲል ዓይኑ ብቻ አልነበረም የተነሣው፤ ጉንጩም ተሳበ፣ የከንፈሩም ጫፍ ወደ ላይ ተጎተተ። ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ።

ከፈለኝ አጨበጨበ። «ይኸው! ሙሽራው አፈረ!»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ ጋሽ ጣሰው እየሳቁ። «በል ሽማግሌህን ላክ፤ ቀጠሮ አናበዛብህም።»

ሁሉም ጥቅሻውን አዩ፣ ሁሉም ደስ አላቸው። አብርሆት ብቻ ዓይኑን አላየችም። አፉን ነበር የሰማችው። ማቅረቢያውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ብታገኘው ሰላም ብላው ታልፋለች። ጋሽ ጣሰው ደግሞ ገበያ የሚወጣውን ሁሉ «ሽማግሌው ምን ሆነ?» እያሉ ይልኩበታል። ኢሳያስ ሲብሰለሰል ሰንብቶ ትምህርት ቤት ሄደና በእረፍት ሰዓት ግቢው መሀል አገኛት።

«ያን ቀን ያልኩት ውሸት ነው» አላት።

«የቱ?»

«አፌ የተናገረው። ያን ቀን ትክክለኛው ዓይኔ ነበር።»

አብርሆት ልትስቅ ቃጣትና ተወችው። «ኢሳያስ፣ ዓይንህ በሽታ ነው። እኔ ደግሞ በሽታ አነጋግሮኝ አላገባም። አትስሚው ያልከኝ አንተ፣ እሺ ያልኩህ እኔ። አሁን የቱን ልስማ?»

ሊመልስ አፉን ሲከፍት ጉንጩ አፉን ይዞት ሄደ፤ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ከንፈሩ ወደ ጆሮው ተሳበ። «እ... እ...» አለ። ከመስኮቱ ተማሪዎች ሳቁ። አብርሆት ዞር ብላ ስትቆጣቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወደ ቢታ ገነት ከተማ ዝውውር አግኝቻለሁ። አንተም ሄደህ ታከም። ፊትህ ሲያርፍ የምትለኝ ነገር ካለ ያኔ በለኝ። እሰማሃለሁ።»

አዲስ አበባ ያገኛት የነርቭ ሐኪም ፈጣን ተናጋሪ ናት። ጭንቅላቱን በማሽን አስነሣችውና ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቀለችው።

«ዕጢ ነው?» አለ ኢሳያስ።

«አይደለም። ይኸውልህ፣ ከጆሮህ በስተጀርባ ወደ ውስጥ፣ የፊትህን ጡንቻ የሚያዝ ነርቭ አለ። አንዲት የደም ሥር ተለጥፋበት በመታች ቁጥር ትነካካዋለች። ነርቩ ይበሳጭና ያልታዘዘውን ለጡንቻው ያስተላልፋል። መጀመሪያ ከዓይን ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ወደ ጉንጭና ወደ አፍ ይወርዳል። ሁልጊዜም በአንድ በኩል ነው ማለት ይቻላል።»

«ያመጣው ጭንቀት ነው?»

«ጭንቀት ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም።»

«ቡናስ?»

«ቡናህን ጠጣ።»

ኢሳያስ እንባው መጣ። ሐኪሟ ስለ ዕጢው ተጨንቆ የነበረ መሰላት፤ መሐረብ ሰጠችው።

መድኃኒቱ በትንሽ መርፌ የሚሰጥ ነው፤ በጣም በጥቂቱ የሚወጋ መርዝ። ጡንቻው ዝም ይላል፣ ሦስት ወር ገደማ ያርፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ሲመጣ ይደገማል። ለዘለቄታው የሚያድን ቀዶ ጥገናም አለ፤ የደም ሥሯንና ነርቩን የሚለያይ። «እሱን ከፈለግህ ውጭ መሄድ ነው» አለችው፤ «ሆላንድ፣ ለምሳሌ፣ በደንብ ይሠሩታል።» ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቀዶ ጥገና በብስክሌት በሚደረስበት ርቀት ኖሮ መመለሱን አልነገራትም።

መርፌውን ተወጋ። ቦንጋ ሲደርስ ፊቱ ጉርድ ፎቶ መስሎ ነበር። ግምገማ ላይ ቆሞ ሪፖርት አቀረበ፤ ማንም አልሳቀም፤ አቶ ግዛቸው «በጣም ጥሩ» ብሎ አለፈው። ሰብሪያ ስኳሩን መዝና ሰጠችው። ጃፈር «ተጣላን እንዴ?» አለው።

ፊቱ አርፏል እንግዲህ። አሁን የሚቀረው ለአብርሆት መናገር ብቻ ነው፤ ሰበብ የሚሆን ዓይንም ጉንጭም የለም። ኢሳያስ ይህን ሲረዳ ደነገጠ። መጀመሪያ «ፊቴ በደንብ ይላመደው» አለ። ቀጥሎ «ዝናቡ ያባራ፣ የቢታ ገነት መንገድ ጭቃ ነው» አለ። ዝናቡ ሲያባራ የቡና ለቀማ ደረሰ፤ ሥራ በዛ። ስልኩን አውጥቶ ይጽፋል፣ ያጠፋል። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ እንደ መመረቂያ ጽሑፉ መግቢያ አለው። ኃይለመስቀል አንዱን አንብቦ «ይሄ ለደን ጥበቃ የተጻፈ ነው?» አለው።

እንዲህ እያለ አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ጢሙን ሲላጭ የግራ ዓይኑ ቆብ እርግብግብ አለ። ቆየት ብሎ ደገመው። መድኃኒቱ ጊዜውን ጨርሶ እየለቀቀ ነበር። ኢሳያስ ምላጩን አስቀመጠ። ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ስልኩን አንሥቶ፣ ሳያጠፋ፣ ጻፈ፤

«አብርሆት፣ ፊቴ አርፎ ነበር፤ እኔም አብሬው ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የነርቩ አይደለም። ዛሬ ተመልሶ ጀምሮኛል። ላገባሽ እፈልጋለሁ። አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ግን አንቺን ልጠይቅሽ፤ ቅዳሜ ቢታ ገነት ልምጣ?»

ላከው። የቢታ ገነት ኔትወርክ ይጠፋል ሲባል ሰምቷል፤ ቀኑን ሙሉ በዚያ ተጽናና። ወደ ማታ ላይ ስልኩ መልእክቱ መድረሱን ነገረው። ቅዳሜ መጥቶ አለፈ፣ ሌላውም ቅዳሜ መጣ፤ መልስ አልመጣም።