በአንድ እርግጫ የበረረው በር

ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሰፈር የመጡት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ግን ዘጠኙ ሲንሾካሾኩ የዘጠኝ ሺህ ሰው ገበያ ያስንቃሉ። ቁልፍ ሠሪው ከፊት ቆሞ አንገቱን እንደ ጄኔራል አቅንቷል።

ክሱ አጭር ነው፦ የታላቅ እህቱን በር ሰብሮ ገብቶ፣ የአባታቸውን ሞርሳ፣ ያንን ብረት ነክሶ የሚይዘውን፣ ተሸክሞ ወጥቷል። ቢፈረድበት እስሩን ይችለው ነበር። በቤት ሰባሪነት የተፈረደበትን ቁልፍ ሠሪ ግን ማን በሩን ያስነካዋል? ሃያ ስድስት ዓመት የኖረባት ሱቅ በዚያው ቀን ተዘጋች ማለት ነው።

ጠበቃው ተነሥቶ፣ "ክብርት ዳኛ፣ ክሱን እንቃወማለን፤ ከሥሩ ይሰረዝልን" አለ። "ቤቱም ሞርሳውም ያልተከፋፈለ ውርስ ነው። ክርክሩ ፎቅ ላይ ፍትሐ ብሔር ችሎት ተቀጥሯል። ይህ የእህትና የወንድም ጭቅጭቅ እንጂ ወንጀል አይደለም።"

ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ፈገግ አለ። "ወራሽ መሆን ሰው የሚኖርበትን በር አያሰብርም። መስበራቸውን ደግሞ ራሳቸው መስክረዋል።" ከዚያም የምስክሮቹን ቃል አነበበ፤ ተከሳሹ ጸጉር አስተካካዩ ቤት፣ ስድስት ሰው እየሰማ፣ "በሩን አንድ ጊዜ ብረግጠው በሮ የጎረቤት ጣሪያ ላይ አረፈ!" ብለዋል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ቁልፍ ሠሪው ዞሩ። "በሩን ሰብረዋል ወይስ አልሰበሩም? መቃወሚያዎ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ነው።"

ቁልፍ ሠሪውን ላብ አጠመቀው። ሰበርኩ ካለ ጉድ ፈላ፤ እውነቱን ከተናገረ ደግሞ የባሰ ፈላ።

"አልሰበርኩም።"

"ታዲያ እንዴት ገቡ?"

"በሩን ትንሽ ከፍ አድርገው... በዳሌ ገፋ ሲያደርጉት... ይከፈታል።"

"ተቆልፎ?"

"ተቆልፎ።"

"ይህን ቁልፍ የገጠመው ማነው?"

ቁልፍ ሠሪው በጫማው ጫፍ ወለሉን ቆፈረ።

"እኔ" አለ፤ ድምፁን ትንኝ ብትሰማው ታፍርለት ነበር።

ዘጠኙ ሰዎች ጣሪያውን በሳቅ ሊያነሡት ምንም አልቀራቸው። ያን ጊዜ እህቱ ከኋላ ብድግ አሉ። "እውነቱን ነው፣ ክብርት ዳኛ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበር አስደግፌ ነው የማድረው!"

"ለምን አላሠሩትም?"

"በማን? ሌላ ቁልፍ ሠሪ ባስመጣ ሰፈሩ 'እህቱ እንኳ አላመነችውም' አይለውም? ስሙን ብዬ እኮ ነው! እኔ ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት ሞርሳዬ ተወሰደ ብዬ ነው። ሰበርኩ እያለ የዞረው እሱ፣ አፈ ሰፊው!"

ቁልፍ ሠሪው ዞሮ አያቸው። "እትዬ... አሥራ አንድ ዓመት?"

"ወንበሩም እግሩ ተሰብሯል" አሉ እህቱ።

ዳኛዋ ሳል የመሰለ ነገር ሳሉ። "የተሰበረ በር የለም። የሞርሳውንም የውርሱንም ነገር ፎቅ ወጥታችሁ ጨርሱ። ክሱ ተሰርዟል።"

ደረጃው ላይ ዐቃቤ ሕጉ እየሮጠ ደረሰባቸው። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይቅርታ ጋሼ፣ አምና የእናቴን የግቢ በር ቁልፍ የገጠሙት እርስዎ ነዎት መሰለኝ..."

ቁልፍ ሠሪው ደረቱን ነፋ። "የአምናውን? የአምናውን መቶ ዝሆን ተሰልፎ ቢገፋው..."

እህቱን አየ። ደረቱ ቀስ ብሎ ተነፈሰ።

"ከሰዓት መጥቼ አየዋለሁ" አለ።

"መጀመሪያ የእኔን!" አሉ እህቱ፤ ክንዱን ይዘው ወደ ቤት ጎተቱት።