የእትዬ ደጊቱ ድንበር እና ባለገመዷ ጂፒኤስ

ባለገመዷን የመረጥኳት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። በሁለት ሺህ ስድስት የገበሬውን መሬት ልንለካ ስንነሳ ፍኖተ ሰላም ላለው የመሬት ቢሯችን ሁለት ዓይነት ጂፒኤስ መጣልን። አንዱ በራሱ ባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ነው። ሌላዋ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ገመዷ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ። የራሷ ባትሪ የላትም፤ የምትሠራው ከላፕቶፑ እየጠባች ነው።

የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሠርክአዲስ «ተው አንተ ሰው፣ ባትሪ ያለውን ውሰድ፤ ገጠር መብራት የት ልታገኝ ነው?» አለችኝ። ማን ሰምቷት! ባትሪ ባለቀ ቁጥር ለሦስት ፊርማ ደጅ መጥናት ታክቶኛል። ደግሞ ባለገመዷ ቁጥሩን ራሷ ኮምፒውተሩ ላይ ታሰፍራለች፤ መገልበጥ የለ፣ መልፋት የለ። ስንፍናዬን ዘመናዊነት ብዬ ጠራሁት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ካደርኩበት ከማንኩሳ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬድ ቀበሌ ወጣሁ። አዋሳኞች ሁሉ ሳይገኙ ድንበር አይለካም፤ ገበሬው ደግሞ የሚገኘው በማይታረስበት በበዓል ቀን ነው። ማንኩሳ መብራት ጠፍቶ ስላደረ ላፕቶፑ የተሞላው ግማሽ ብቻ ነበር። «ይበቃል» አልኩ። ምኑ ነው የሚበቃው!

እትዬ ደጊቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከጎረቤታቸው ከዘመኑ ጋር በድንበር ይካሰሳሉ። ዘመኑ ድንበሩ ወይራው ነው ይላል። እሳቸው ከወይራው አልፎ እስከ ጅረቱ የእኔ ነው ይላሉ። ከወይራው እስከ ጅረቱ ያለው መሬት የዓመት ቀለባቸው ነው፤ እሱ ከሄደ የሚላስ የሚቀመስ የላቸውም። እውነቱን የሚናገሩላቸው በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል የመለኪያ ገመድ የጎተቱት አባ ገብረሰንበት ብቻ ናቸው። እሳቸውም አልጋ ከያዙ ወር አልፏቸዋል።

በቃሬዛ አመጧቸው፣ አራት ሰው ተሸክሞ።

እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ የዘመኑን ሌሎች ማሳዎች፣ መንገድ ዳር ስለሆኑ፣ ስለካ ነበር የዋልኩት። በየማዕዘኑ ሳተላይት እስክታገኝ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እሷም ላፕቶፑን ትመጠምጠዋለች።

አባ ገብረሰንበት አጠገብ ተንበረከክሁ። ድምፃቸው አልቋል። «ጅረቱ ነው ልጄ። ገመዱን የያዝኩ እኔ ነኝ። በሚካኤል እምላለሁ» አሉኝ። ወርጄ ጅረቱ ዳር ቆምኩ። ሳተላይቷን ስጠብቅ ላፕቶፑ ድርግም አለ።

ብጫነው፣ ብደበድበው ወይ ፍንክች! ጤና ኬላው የፀሐይ መብራት አለው ሲሉኝ ሮጥኩ፤ አንዲት አምፖል ብቻ የምታበራ ነገር ሆና ተገኘች። ስመለስ ሽማግሌው ነጠላ ፊታቸው ላይ ጣል ተደርጎላቸው ፀሐይ ላይ ያስላሉ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሚቀጥለው በዓል እመለሳለሁ።»

«ያኔማ እኔ የለሁም» አሉ፣ ቅሬታ እንኳ ሳይሰማቸው። ጅረቱ ዳር ምልክት ድንጋይ ተክለን ተለያየን።

ለጽዮን እንኳ አልደረሱም፤ ተቀበሩ።

በታኅሣሥ ገብርኤል ባትሪ ያለውን ይዤ ተመለስኩ። ድንጋዩ ከጅረቱ ተነቅሎ ወይራው ሥር ተተክሏል። ያን ዕለት አብሮን የነበረውን የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴ ጠየቅሁ፣ ቃሬዛ የተሸከሙትን ጠየቅሁ። «ሩቅ ነበርን፤ አልሰማንም» አሉ ሁሉም፣ መሬት መሬት እያዩ። ግማሾቹ የሚያርሱት ከዘመኑ በሬ ተውሰው ነው።

እትዬ ደጊቱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ? አጠገባቸው ተንበርክከህ አልነበር? ምን አሉህ?»

ሰምቻለሁ። አንዲት ቃል አልሳትኩም። «የሚለካ ሰው አይመሰክርም እትዬ፤ መመሪያ ነው። የምጽፈው ኮሚቴው ያለኝን ነው» አልኳቸው። መመሪያው እውነት ነው። እኔ ግን ዝም ያልኩት መመሪያ ፈርቼ አይደለም። ብናገር «ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልለካህም?» መባሌ አይቀርማ። ፈሪ ነኝ፣ አለቀ።

ድንበሩን ወይራው ላይ አድርጌ ለካሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ካልፈረሙ ለቀረው ማሳቸውም የይዞታ ደብተር አይሰጣቸውም፤ ይህንንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«በል አንተው ያዘኝ። አልታዘዝ አለኝ» አሉ።

አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ አጠቀስኩ። ወረቀቱ ላይም ተጭኜ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ።