ያያችሁትን ሣሉ

ተማሪዎቿ «እትዬ ቀለም» የሚሏት የሥዕል መምህርት በቀላሉ የምትቆጣ ሴት አልነበረችም። የዚያን ጠዋት ግን ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠርቶ፣ «ልጆቹ በባዮሎጂ ወድቀዋል። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ የሥዕል ሰዓት ለባዮሎጂ ይሰጣል» ሲላት ደሟ ፈላ።

ሐሳቡን ያመጣው የባዮሎጂ መምህር አጠገቧ ተቀምጧል። ሰውዬው የታላቅ እህቷ ባል ነው።

«አትቀየሚኝ እህትዓለም» አላት አንገቱን እያከከ። «ሥዕል ጥሩ ነገር ነው። ግን ከሁሉም በፊት ማለፍ አለባቸው።»

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አለች በሆዷ። አፏ ግን ሌላ ተናገረ፦ «እሺ ጋሼ። ከመውሰድህ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቤተ ሙከራ ውስጥ አብረን እናስተምር።»

ተስማሙ። ከክፍሉ ልጆች እኩሌታው በምርጫ ትምህርት ሥዕል፣ እኩሌታው ኮምፒውተር የወሰዱ ናቸው። ጋሼ የሽንኩርት ልጣጭ በስስ መስታወት ላይ አድርጎ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባና በኩራት ወደ ኋላ አለ።

«ያያችሁትን ሣሉ» አለች እሷ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ልጆቹ ተራ በተራ አጎንብሰው እያዩ ሣሉ። ጋሼ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሲያገላብጥ ፊቱ በራ። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ የሣሉት እንደ ጡብ የተደረደሩ ሴሎች፣ በየመሀላቸው ኒውክለስ፤ ቁርጥ መጽሐፉን! የሥዕል ተማሪዎቹ ጋ ሲደርስ ግን ቅንድቡ ተሰቀለ። ከሁለት ሦስቱ በቀር ሁሉም አንድ ትልቅ፣ ጠርዙ የጠቆረ ክብ ነው የሣሉት።

«ምን ጉድ ነው? የመኪና ጎማ ሣሉ ተባላችሁ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከፊት የተቀመጠች ዝምተኛ ልጅ ግን አልሳቀችም። «መምህር፣ እዚያ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ይዩት።»

ጋሼ አጎነበሰ። ቆየ። ማስተካከያውን ወዲህ ወዲያ አዞረው። ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል።

«የአየር አረፋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ልጣጩ ተንሸራትቶ ወጥቷል። ሴል የሚባል ነገር የለም!» ከዚያ በራሱ ላይ ከት ብሎ ሳቀና ወደ እትዬ ቀለም ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ጉድ ሠራሽኝ!»

«እኔ ምን አደረግሁ? መስታወቱን ያዘጋጀኸው አንተ!»

ሰውዬው ደግነቱ እልኸኛ አይደለም። ሳይውል ሳያድር ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ። «ልጆቼ ሰዓት አላነሳቸውም፤ ሳያዩ ነው የሚጽፉት። የሥዕሉ ሰዓት ይቆይ፤ እንዲያውም የኮምፒውተር ልጆቹም ይጨመሩበት።»

«ትናንት ስጠኝ ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ትናንት እኔም አላየሁማ!»

በአዲሱ ሴሚስተር የሥዕል ክፍሉ ሞልቶ ወንበር ጠፋ። ጋሼም ትርፍ ሰዓቱን ጠብቆ ከኋላ ይቀመጣል። እጁ አልታዘዝ ብሎት ቅጠል ሲሥል እንጨት ይመስልበታል። እትዬ ቀለም በትከሻው በኩል አየት አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ከጭንቅላትህ የመጣ ነው፤ ቅጠሉን እየው» ትለዋለች።

እሱም መነጽሩን ጠርጎ እንደገና ያያል።