ድዳዋ ቁልፍ

ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር ፀጉር ሰሪዋ በሩን ያንኳኳችው። ልብስ ሰፊዋ ሰዓቱን የማትረሳው የእናቷን መድኃኒት በአራት ሰዓት ሰጥታ፣ ብርጭቆውን አጥባ ገና መድፋቷ ስለነበር ነው። በሩን ስትከፍት የማታውቃት ሴት ቆማለች። በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች፤ አያያዟ የተኛ ሕፃን ያቀፈች ይመስላል።

«የወናፍ ቤት እዚህ ነው አሉኝ» አለች እንግዳዋ።

ልብስ ሰፊዋ ከመመለሷ በፊት ዞር ብላ የእናቷን ክፍል በር አየች። በዚያ ቤት ውስጥ ያ ስም ጮክ ተብሎ ከተጠራ ቆይቷል።

ወናፍ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለትና፣ አባቷ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነበር። ነገር ግን አኮርዲዮኗን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ እሱም እሷም እኩል ያለከልኩ ስለነበር አንድ ቀልደኛ «የቱ ነው ወናፉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ስሙ እዚያው ተለጠፈ። ቢሰድቡት የሚኮራ ሰው ነበርና ስድቡን እንደ ማዕረግ ያዘው። የሚጫወትበት ባንድ ደግሞ «ጎረቤታሞች» ይባል ነበር፤ አምስቱም አባላት ከአንድ ቧንቧ ውኃ እየቀዱ ባደጉበት ግቢ ስለተቋቋመ።

አኮርዲዮኗ እጁ ስትገባም አሮጌ ነበረች። ቀይ ቀለሟ ተላልጧል፣ አንድ ማዕዘኗ ተሸርፏል፣ ከቀኝ እጅ ቁልፎቿ መካከል ደግሞ አንዷ ድዳ ናት። አየር ሲነካት የምትዘምረው ቀጭን የብረት ምላስ ተሰብራ ወድቃለች። ሌላ ተጫዋች ቢሆን ዜማውን አጣሞ ያቺን ቁልፍ ይሸሻት ነበር። ወናፍ አልሸሸም። ዜማው እዚያ ሲደርስ ጣቱን አንስቶ ይዘላል፤ በክፍተቱ ውስጥ ከበሮ መቺው ጋሽ መዶሻ የከበሮውን ጠርዝ አንዴ «ቋ» ያደርጋል፤ ዜማው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። እንቅፋት መትቶት ዳንስ ያስመሰለ ሰው ማለት ነው።

ያቺ ዝላይ አገር አዳረሰች። የሰርግ ባንዶች ዘለሉ። ቁልፉ ሁሉ ጤነኛ በሆነ አዲስ ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆችም እዚያ ሲደርሱ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ከበሮውን ኮምፒውተር በሚመታበት ዘመን እንኳ ኮምፒውተሩ «ቋ» ይላል። የአውቶቡስ ረዳት በሩን ሲደበድብ፣ ልጆች ገመድ ሲዘሉ፣ አናጢ ምስማር ሲመታ ትሰማለች። ለምን ትዘላላችሁ ቢባሉ «ዘፈን እንዲህ ነዋ» ነው መልሳቸው። የአንዲት የተሰበረች ብረት ጉድለት የሕዝብ ጌጥ ሆነ። ከጎረቤታሞች ወዲህ የመጣ ባንድ ሁሉ፣ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቀው ጭምር፣ ከእነሱ ጓዳ ሳይበደር አልዘፈነም።

አኮርዲዮኗ የጠፋችው ባንዱ ስሙ በገነነበት ዓመት ነው። አንዱ ተሰረቀች አለ፣ ሌላው ተቃጠለች። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀውን ሰው ለመጠጥ ሸጣት ያሉም አልጠፉም። ወናፍ ለጠየቀው ሁሉ «ትመጣለች» ብቻ ይል ነበር። ሌላ አኮርዲዮን አምጥተውለት ሞከረ፤ «ይቺ መልስ ታበዛለች» ብሎ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ የሚወጣው ለመዝፈን ብቻ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም ባንዱ ተበተነ። ማታ ማታ ግን ልጁን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ እያስቀመጠ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣቷን እየያዘ ዘፈኖቹን ያስተምራት ነበር። ድምፅ የለም፤ እንጨትና ጣት ብቻ። ልጅቱ አኮርዲዮን ሳትነካ አኮርዲዮን ለመደች።

እናትየዋ የምታምነው ሌላ ነገር ነበር። አኮርዲዮኗ በጠፋችበት ሰሞን ሳሙና ልትገዛ ሱቅ ሄዳ፣ ባሏ ከመደርደሪያው ጀርባ በባለሱቁ ስልክ ሲያወራ ሰማችው። «ድምፅዋ ከተመለሰላት ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ። ብቻ አደራህን፣ ሚስቴ እንዳትሰማ።» ሳሙናውን እንደያዘችው መልሳ አስቀምጣ ወጣች። በዚያ ሰሞን ከባንዱ ጋር የምትዘፍን፣ ጉሮሮዋን ታማ የተኛች አንዲት ቆንጆ ነበረች። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ቆንጆዋ ድና ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ አኮርዲዮኗም ለመታሰቢያ አብራት ሄደች ብላ ደመደመች። ባሏን አልጠየቀችውም። ጎመን በጤና ብላ ቤቷን ያዘች፣ ልጇን አሳደገች፣ ወናፍ ሲታመም ትራሱን እያገላበጠች አስታመመችው። ለእሷ ብሎ ያወጣው ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ግን እጇ ሊጥም ቢሆን ሄዳ ታጠፋዋለች።

ነገሩን ለልጇ የነገረቻት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ፣ ልብስ እያጠፈች። «ስሞት ከእሱ ጎን እንዳትቀብሩኝ» አለች። «እዚያም ቢሆን ድምፅዋ የተመለሰላት መጥታ ትቀሰቅሰኝ ይሆናል።» ቀልድ ይመስላል፤ ግን አልሳቀችም። አሁን ልቧ ደክሞ፣ ሐኪሙ «ቤቷ ብትሆን ይሻላታል» ብሎ ከላካት ወዲህ ልብስ ሰፊዋን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ቃል ነበር። የእናት ኑዛዜ ነው፤ አይታለፍም። አባቷ ደግሞ አባቷ ነው። ሁለቱን በሁለት መቃብር ለይቶ መቅበር ለእሷ በገዛ እጇ የሰፋችውን ልብስ በመቀስ እንደ መተርተር ነበር።

እንግዲህ ፀጉር ሰሪዋ በዚህ መሃል ነው የመጣችው። ገባችና አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ቀይ፣ የተላላጠ፣ አንድ ማዕዘኑ የተሸረፈ አኮርዲዮን።

«የአጎቴ ዕቃ መሃል ነው ያገኘኋት» አለች። «ሰሞኑን አንድ ሽማግሌ በሬዲዮ ስለ ጎረቤታሞች ሲያወሩ ማዕዘኗ የተሸረፈች ቀይ አኮርዲዮን ሲሉ ሰማሁ። እስኪ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ጋሽ መዶሻ ነው፤ ቤቱም ከአጥሩ ወዲያ። ልብስ ሰፊዋ በአጥር ላይ ስትጠራው ከዘራውን ረስቶ ነው የመጣው። ከአምስቱ ጎረቤታሞች በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። አኮርዲዮኗን አየ፣ ዞራት፣ ማዕዘኗን ዳበሰ።

«ከበሮ መቺ ስለ አኮርዲዮን ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል» አለ። «እኔ ግን አንዲት ቁልፍ አውቃለሁ። ሕይወቴን ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩት እሷን ነው። ልጄ፣ ወናፉን ክፈችልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ማሰሪያዎቹን ፈትታ ወናፉን ሳበችው፤ አኮርዲዮኗ ተነፈሰች። ጋሽ መዶሻ በሌባ ጣቱ ቁልፎቹን ቆጠረና አንዷ ላይ ቆሞ ተጫናት።

ቁልፏ ጮኸች። ጥርት ያለ፣ ክብ ድምፅ።

ጋሽ መዶሻ ጣቱን እንደተቃጠለ ሰው አነሳ። «እሷ አይደለችም» አለ ቀስ ብሎ። «የእኛዋ እዚህ ጋ አትናገርም ነበር። እሷ ብትናገር እኔ ምን እሠራ ነበር? እንጀራዬ እኮ የእሷ ዝምታ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወናፉን መልሳ ዘጋችው። ምን ተስፋ አድርጋ እንደነበር እንኳ በቅጡ አታውቅም፤ ብቻ ያቺ አኮርዲዮን ከአንዲት ቆንጆ ቤት ሳይሆን ከሌላ ቦታ መገኘቷ ልቧን አሙቆት ነበር።

«ቆይ፣ የትኛዋ ናት የማትናገረው?» አለች ፀጉር ሰሪዋ። «እኔ እንጃ። አጎቴ ግን ጠጋኝ ነበር። ሬዲዮም ሰዓትም እንዲህ ዓይነት ነገርም ይጠግናል። የብረት ምላስ ራሱ ሞርዶ ሲያስገባላት ፊቱ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ያኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሱቁን የምጠርግለት እኔ ነበርኩ። በስልክ ሲያወራ ይስቅ ነበር። "ድምፅዋ ዛሬ ነገ ይመለሳል፣ ያኔ መጥተህ ትወስዳታለህ" ይለዋል ሰውየውን። ስልኩን ሲዘጋ ደግሞ "ሚስቴ እንዳትሰማ ይለኛል፤ ሰው አኮርዲዮን ይወሽማል?" ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል።»

ማንም አልሳቀም። ፀጉር ሰሪዋ ያጠፋች መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከዚያ በሳምንቱ ወደቀ። ግማሽ አካሉ ሞተ፣ ምላሱ ተያዘ። አባቴ ከነዕቃው ጭኖ ወደኛ ከተማ አመጣው፤ ሱቁም ፈረሰ፤ ፈልጎት የመጣ ቢኖርም ወዴት እንደሄደ የሚነግረው አያገኝም። እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። ይቺን ሲያያት እያለቀሰ በእጁ ወደ በር ይጠቁም ነበር፤ እኛ ደግሞ ውጪ ውሰዱኝ ያለ እየመሰለን እናወጣው ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ከጀርባዋ የጫማ መጎተት ሰምታ ዞረች። እናቷ የክፍሏን መቃን ተደግፋ ቆማለች። መቼ እንደመጣች ማንም አላየም።

«እማዬ፣ ማን ተነሽ አለሽ?»

«ማሰሪያውን አምጪው» አለች እናትየዋ።

አስቀመጧትና የትከሻ ማሰሪያውን እጇ ላይ አኖሩላት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ጣቶቿን በስፌቱ ላይ አስኬደች። ቆዳው በጫማ ክር፣ አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ተደርጎ፣ ተንጋዶ ተሰፍቷል።

«ዶሮ የሄደበት ጭቃ» አለች። «ስጠኝና ልስፋልህ ብለው የራሴን ራሴ ብሎ ሰፋው። እንዲህ ነው ያልኩት ያኔም፤ ዶሮ የሄደበት ጭቃ።»

ጋሽ መዶሻ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እትዬ፣ እኔ በሕያው አምላክ አልነገረኝም። ትመጣለች ብቻ ነው ያለኝ።»

«ለአንተ ቢነግርህማ በከበሮ ታስነግረው ነበር» አለችው። ከዚያ ማሰሪያውን ጭኗ ላይ አስተካክላ አኖረችው። «እኔው ነኝ የጠየቅሁት» አለች። «ራት ላይ ነበርን። አገር ያጨበጭብልሃል፣ የእኔ ዘፈን ግን ጥርሷ የወለቀ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ሙሉዋን ብሰማት ምን ነበረበት አልኩት። ስቆ ዝም አለ። እኔም ረሳሁት፤ ለነገር ብዬ ያልኩት ነበርና።»

ፀጉር ሰሪዋ ነገሩ ባይገባትም ዓይኗን ጠረገች።

«ተጫወቺልኝ» አለች እናትየዋ ለልጇ።

«እኔ ነክቼ አላውቅም፣ እማዬ።»

«ከአባትሽ ጋር ያንን ጠረጴዛ ሌት ተቀን ስትቆረቁሩት የኖራችሁት ምስጥ ፍለጋ ነው? ተጫወቺ።»

ልብስ ሰፊዋ ማሰሪያውን ትከሻዋ ላይ አጠለቀች። ወናፉ መጀመሪያ እንቢ አላት፤ አንዴ አለቀሰ፣ አንዴ አንኮራፋ። ጣቶቿ ግን መንገዱን ያውቁታል። የእናቷ ዘፈን ቀስ ብሎ፣ እንደ ዳዴ ባይ ልጅ እየተደገፈ ወጣ። እዚያች ቦታ ሲደርስ ጣቷ ሳታዘው ተነሳና ዘለለ። ጋሽ መዶሻ የወንበሩን ጠርዝ አንዴ አንኳኳ።

«አትዝለያት» አለች እናትየዋ። «ለእኔ ነው ያሠራት።»

ልብስ ሰፊዋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ቦታው ሲደርስ ጣቷን በግድ አወረደችው። ቁልፏ ተናገረች፤ ጋሽ መዶሻም እጁን መከልከል አቅቶት ወንበሩን አንኳኳ። ሁለቱ፣ ድምፁና «ቋ»ው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተሰሙ። ዘፈኑ እስኪያልቅ እናትየዋ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አዳመጠችው።

«ይቺው ናት?» አለች ሲያበቃ። «ለዚች ለአንዲት ጩኸት?»

«አላማረችም፣ እማዬ?»

«አምራለች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የሱ ግን ይበልጥ ነበር። መዝለሉን ነበር የሚያውቅበት።»

ፀጉር ሰሪዋና ጋሽ መዶሻ ከሄዱ በኋላ ልብስ ሰፊዋ እናቷን አስተኝታ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል፣ አሮጊቷ ዓይኗን ሳትከፍት ጠየቀቻት።

«እዚያ ከአባትሽ ጎን ቦታ አለ፣ ወይስ ሰው ያዘው?»

«አለ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ጥሩ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነፍሷን ይማርና፣ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ከባሏ ጎን ተቀበረች። አኮርዲዮኗን ልብስ ሰፊዋ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰጠቻት፤ መስተዋት ውስጥ እንዳይቆልፉባት ቃል አስገብታቸው። ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ ይጫወቱባታል። የተጠገነችዋን ቁልፍ ግን አሁንም ይዘሏታል፤ ከቁልፎቹ ሁሉ ነጭ ሆና የቀረችው እሷ ብቻ ናት።