ሞተሩ እስኪበርድ

«ያን መካኒክ ባገኘው በእነዚህ እጆቼ አንቄ ነበር የምገድለው!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቆውን ለመካኒኩ እያቀበለ።

መካኒኩ ብርጭቆውን ተቀበለ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሌላ ምን ይበል? ሻዩ ያቃጥል ነበር፤ ጣቶቹ ግን ትኩስ ብረት የለመዱ ናቸውና ሳያስቀምጠው ያዘው።

የለቅሶው አራተኛ ቀን ነው። ከበሩ አጠገብ፣ ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን ከሚያራግፍበት ቦታ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጧል። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይሄዳል። ማን ነህ ያለው የለም። የለቅሶ ቤት ደጉ ነገር ይሄ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠን ሰው ማንም መታወቂያ አይጠይቀውም። አንዲት ጎረቤት ብቻ «ሟቹን በምን ያውቋቸዋል?» ብላው ነበር። «በሥራ» አላት፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ግሪስ እንዳይታይ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ደብቆ።

«አስቡት እስቲ» ቀጠለ ወንድምየው፤ ነገሩን ለገባ ለወጣው ሁሉ ሲያወራው ስንተኛው እንደሆነ እንጃ። «ስድስት ዓመት በየቅዳሜው ሲመላለስ! አንዴ ቱቦው ነው ይለዋል፣ አንዴ ክዳኑ ነው፣ አንዴ ፓምፑ። መኪናዋ እንደሆነች መፍላቷን አልተወች። ሰው በሰባ አንድ ዓመቱ በጠራራ ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል? ያ ሌባ ነው የገደለብኝ!»

«ኧረ ተው፣ የሰው ስም በለቅሶ ቤት አይነሳም» አሉ አንዲት ትልቅ ሴት።

«ይነሳ! ይነሳና ይስማ!»

ሰማ እንጂ። ወንድምየው የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መካኒኩ ሌባ አልነበረም። የቀረው ሁሉ እውነት ነው።

ሟቹ ጋራዡ በመጡበት በመጀመሪያው ቀን መኪናዋ እንደ ድስት እየተንተከተከች ነበር የገባችው። ዘለው ወርደው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ የራዲያተሩን ክዳን በመሐረብ ሊያዞሩት ሲሉ መካኒኩ በሩጫ ደርሶ እጃቸውን ያዘ።

«አባት፣ ይተዉ! ፊትዎን ሊልጠው ነው! ሞተሩ ሳይበርድ ክዳን አይነካም።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አርባ ደቂቃ ይሆናል።»

ሰዓታቸውን አዩ። ሻይ ይምጣ ወይ ሲላቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጋራዡን ጥግ በጥግ ቃኙት። «እዚህ ሚዛን አለ?» አሉ።

«ሚዛን? ምን ሊያደርግልኝ?»

«እንግዲያው አምጣው፣ ስኳር አብዛበት።»

ነገሩ ኋላ ነው የገባው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ፣ የራሳቸውን የመለኪያ ብረት በሣጥን ይዘው፣ ኪሎ የሚያጎድለውን ሁሉ ሱቁን ሲያሽጉበት ኖረዋል። ዛሬ ሻይ የጠጣሁበትን ሱቅ ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብለው ከባለሱቅ እጅ ውሃ አልቀመሱም። ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸውም ከሞቱ በኋላ፣ ዞር ብለው ቢያዩ በከተማው ሙሉ አብረውት ሻይ የጠጡት አንድ ሰው አልነበረም። ጋራዥ ውስጥ ግን ሚዛን የለም። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አሥራ ሦስት ነው፤ ማንም አያጎድለውም።

መካኒኩ «ጋሼ ሚዛን» አላቸው። እሳቸው ደግሞ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ላላገባው ሰው «ሙሽራው» የሚል ስም አወጡለት።

«ሙሽራው፣ ዛሬም አልተገኘችም?»

«እርስዎ መርምረው የሚያሳልፏት ከየት ትገኛለች ጋሼ!»

እንዲህ እያሉ አርባው ደቂቃ ያልቃል። ሞተሩ ይበርዳል። አንዳንዴማ ከበረደ ቆይቶም ሁለቱም እንዳልበረደ ሆነው ይቀመጡ ነበር።

ከውስጥ ክፍል የሟቹ ልጅ ብቅ አለች። አንድ ልጃቸው እሷ ናት፤ ሩቅ ባለች ትንሽ ከተማ አዋላጅ ነች። እንቅልፍ ያጣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እያሸች ከአጎቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ዓርብ ጠዋት እሄዳለሁ አጎቴ። እዚያ የሚተካኝ ሰው የለም» አለች። «የአባባን መኪና ይዤ ነው የምሄደው።»

«ያቺን የተረገመች? ምን ሊያደርግልሽ?»

«ያስፈልገኛል። ምጥ የያዛት ሴት ከማዶ መንደር ስታስጠራኝ የሰው ሞተር ብስክሌት ነው የምለምነው።»

«ትፈላለች እኮ ልጄ! ሰው የበላች መኪና ናት!»

«እንደ አባባ ውሃ እየጨመርኩ እነዳለሁ። ጀሪካኑ አለ አይደል?»

መካኒኩ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነበር የመኪናዋን በሽታ ያገኘው። ውሃው ወደ ውጭ አይፈስም፤ ታዲያ ወዴት ይሄዳል? ጭሱ ነጭ ነው፣ ዘይቱ ወተት መስሏል። ከሞተሩ ራስ ሥር የምትቀመጠው፣ ውሃውን ከዘይቱ የምትለየው ስስ ጋስኬት ተበልታ ኖሯል። በማግስቱ አዲስ ገዛ። በወረቀቷ እንደተጠቀለለች ግድግዳው ላይ ምስማር መትቶ ሰቀላት።

ቅዳሜ ጋሼ ሚዛን ሻያቸውን እየጠጡ አዩዋት። «ይቺ ምንድን ናት?»

«የእርስዎ ናት። እሷ ከገባች መኪናዋ ሁለተኛ አትፈላም።»

ብርጭቆውን አዞሩት፣ አዞሩት። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤትዎ አርፈው ይቀመጣሉ።»

«እህ» አሉ። ቆይተውም፣ «ምን ያስቸኩላል? ትቆይ እስቲ።»

እሱም ትቆይ አለ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በሕይወቱ የጎደለ ግራም ያላሳለፈ፣ አንዱ ብሎን አላልቶ ትቶ የማያውቅ፣ ተያይተው ዝም ተባባሉ። መካኒኩ ዳገቱን ያውቀዋል። ጀሪካኑንም ያውቀዋል። የሽማግሌውን ትንፋሽ ማጠርም ሰምቷል። ግን ቅዳሜ ያለ እሳቸው ምን ሊመስል እንደሚችል ሲያስበው እጁ ወደ ምስማሩ አልሄድ ይለዋል። ባለፈው ቅዳሜ አርባ ደቂቃ ጠበቃቸው፣ ሌላ አርባ ጨመረ፣ ተናደደም፤ የእሳቸውን ሻይ ራሱ ጠጣባቸው። እሑድ በእግሩ ሊፈልጋቸው ሲወጣ ነው መኪናዋን ዳገቱ ላይ ኮፈኗ እንደተከፈተ ያገኛት፤ ባለቤቷ ትናንት መሞታቸውን የነገሩት እዚያው ነው።

እና አሁን ይቺ ልጅ ያንኑ ጀሪካን ይዛ ያን ሁሉ መንገድ ልትሄድ ነው። ዝም ቢል ዓርብ ትሄዳለች፣ የሆነ ሜዳ ላይ ትቆማለች፤ በዚያ ማዶ ደግሞ የምትጠብቃት ሴት አለች። ቢናገር ይባረራል። ከዚህ አግዳሚ ጫፍ ሌላ ደግሞ ለጓደኛው የሚያለቅስበት ቦታ በዓለም ላይ የለውም።

«አይሆንም!» አለ።

ጮክ ብሎ ኖሯል። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አለች ልጅቷ።

«ውሃ መጨመር አያዋጣም። ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ይጠጣዋል። ለከተማ ነው እንጂ ለሩቅ መንገድ አትሆንም፤ ሞተሩ ነክሶ፣ መዞር አቅቶት፣ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

እጆቹን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። «ያ መካኒክ እኔ ነኝ።»

ወንድምየው ኮሌታው ላይ ሲደርስ ጊዜ አልፈጀበትም። «ሻይ አጠጣሁህ! በገዛ እጄ ሻይ አጠጣሁህ!» እያለ ያንገጫግጨው ጀመር። መካኒኩ አልተከላከለም። ለቀስተኛው መሃል ገብቶ ገላገለ።

ልጅቷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ዕቃው ጠፍቶ ነው?»

«አለ። ገዝቼ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

አባትሽም ያውቁ ነበር ሊላት ምላሱ ላይ ደረሰ። ዋጠው። «ከተሠራች አይመጡም ብዬ ነው» አለ። «ሌላ የሚመጣልኝ ሰው የለም።»

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ እጆቹን ስታያቸው ቆየች። «ነገ ጠዋት ዕቃዎን ይዘው ይምጡ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ረቡዕና ሐሙስ ግቢው ውስጥ ሠራ። ለቀስተኞች በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የሞተሩን ራስ ፈትቶ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን አስላጠ፣ መልሶ አመጣው፤ ከምስማሩ ያወረዳትን ጋስኬት ከሥሩ አስገባ። ወንድምየው ወንበር አውጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ ሊጠብቀው። እስከ ቀትር ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። ከቀትር በኋላ «እሱ ብሎን ለምን መጨረሻ ላይ ይጠብቃል?» አለ። በማግስቱ ደግሞ ሳይጠየቅ ቁልፍ ያቀብል ነበር፤ ቁጥሩን እየተሳሳተ፣ የተሰደበ ይመስል እየተቆጣ።

ሐሙስ ከሰዓት ልጅቷ መሪውን ያዘች፣ መካኒኩ ከጎኗ ተቀመጠ። ዳገቱን ወጡት። የሙቀት ጠቋሚዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። እዚያ ቦታ ሲደርሱ ልጅቷ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ አልቆመችም።

«ሰዎች ጎማውን ተደግፎ ነው ያገኙት» አለች። «ጀሪካኑ አጠገቡ ቆሟል። ጠብታ አልፈሰሰም፤ ውሃው ልክ ከመስመሩ ላይ ነበር።»

መስመሯን ያውቃታል። ጋሼ ሚዛን ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር አላመኑም፤ በራሳቸው መለኪያ ሰፍረው ቢያዩት ግማሽ ብርጭቆ ጎደለ። «ፋብሪካውም ሌባ ነው ሙሽራው!» ብለው በእስክሪቢቶ የራሳቸውን መስመር አሰመሩበት። ይህን ሲነግራት በእንባ መሃል ሳቀች።

ግቢ ሲገቡ «ውሃውን እንየው?» አለች።

«ደኅናም ሞተር ቢሆን ካልበረደ ክዳኑ አይነካም። አርባ ደቂቃ።»

ከቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«በአርባ ደቂቃ ምን ምን ታወሩ ነበር?» አለች። «ከእኔ ጋር በስልክ ሁለት ደቂቃ አይሞላም ነበር። ደኅና ነሽ፣ በልተሻል፣ በቃ።»

«ስለ አንቺ ነው እኮ። አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ምኑ?»

«ያዋለድሻቸው ልጆች። ስትነግሪያቸው ይደምሩ ነበር። ቅዳሜ ሲመጡ ከሰላምታ በፊት ቁጥሩን ነው የሚነግሩኝ። መንታ ሲሆን ሻዩን እሳቸው ይጋብዙኛል።»

ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። መካኒኩ የሚያደርገው ጠፍቶት መኪናዋን ዓይን ዓይኗን አየ።

«ያውቅ ነበር?» አለች በመጨረሻ። «ስለ ጋስኬቷ። አባባ ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። ትቆይ አሉኝ። ግን መካኒኩ እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለች። «እርስዎ ነዎት። ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ገና ነኝ።»

«ይገባኛል።»

አርባው ደቂቃ ሲሞላ ክዳኑን ከፈተው። ውሃው እንደሞላ ነበር፤ ጠብታ አልጎደለም። አራት ዓመት የፈለገው፣ ሁለት ዓመት የሸሸው ነገር ይኼ ነው፤ ሲያገኘው ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ባዶ ሆነበት።

ዓርብ ጠዋት ዕቃዋ ተጫነ። ልጅቷ ጀሪካኑን ከመቀመጫው ኋላ አውጥታ «እሱንስ ልያዘው?» አለችው።

«አያስፈልግሽም።»

ጥቂት አሰበችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። መኪናዋ ከግቢ ወጣች። ድምፅዋ ንጹሕ ነበር፤ እስክትርቅ አዳመጣት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ጋራዡን ከፈተ፣ ሻይ ጣደ፣ ሁለቱን ወንበሮች አወጣ። በየቅዳሜው ለጋሼ ሚዛን መንገድ እንደሚሞላላቸው ጀሪካኑን ይዞ ቧንቧው ሥር ተቀመጠ። ሲሞላ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከመስመሯ ትይዩ አደረገ። አንድ ጣት ያህል አልፏል። ከላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ፣ አየ፣ ጥቂት ደግሞ አፈሰሰ። ልክ ሲሆን አፉን በጨርቅ ወተፈና ከባዶው ወንበር አጠገብ አስቀመጠው።